ስካነሩ ከዋጠው በኋላ

ጥያቄ፦ «በ2024ቱ ምርጫ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ ነው የመረጥኩት። ሰልፉ ረጅም ነበር። ስክሪኑን ነካሁ፣ ማሽኑ ወረቀት አተመ፣ ወረቀቱን ድምፅ የሚቆጥረው ስካነር ውስጥ ከተትኩ። ቤት ስገባ ማሽኑ ድምፄን ለሌላ ሰው የሰጠብኝ መሰለኝ። መክሰስ እችላለሁ?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ሰልፉም ስለ ስክሪኑም ነግረውኛል። የታተመውን ወረቀት አንብበውት እንደሆነ ግን አንድም ቃል አልጻፉም። አላነበቡትም ብዬ ገመትኩ። አይቆጡኝ።

ሕጉ አጭር ነው። ስካነር ከመግባቱ በፊት ስሕተት ካዩ ለምርጫ አስፈጻሚው ይናገራሉ፤ ያ ወረቀት ተሰርዞ እንደገና ይመርጣሉ። ከገባ በኋላ ስምዎ ስለሌለበት የእርስዎን ለይቶ የሚያወጣልዎት ዳኛ የለም። ውጤት የመቃወሚያው ጊዜም በቀናት ነው የሚቆጠረው። አልፏል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ ያየዋል። ድምፅዎ እኮ እሱ ራሱ ነው! ጆርጂያ ወረቀት የማያትም ማሽን ነበራት፤ በ2019 ፍርድ ቤት ከዚያ ዓመት በኋላ እንዳይሠራበት አገደው። የወረቀቱ ጥቅም የታየው እዚያው እርስዎ ካውንቲ፣ ዲካልብ ነው። በሜይ 2022 ለኮሚሽነርነት የተወዳደረችው ሚሼል ሎንግ ስፒርስ ራሷና ባሏ በመረጡበት ጣቢያ ዜሮ ድምፅ አገኘች ተባለ። ለካ የፕሮግራም ስሕተት ኖሯል። ወረቀቱ በእጅ ሲቆጠር ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ወጣች። ወረቀት ባይኖር ምኑ ይቆጠር ነበር?

ግን ካላዩት ወረቀቱም አያድንዎትም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በልምምድ ምርጫ ላይ ሆን ብለው የተሳሳተ ወረቀት አሳተሙ። በ2020 ባወጡት ጥናት፣ ወረቀቱን አንብብ ብሎ ማንም ሳያስታውሰው ስሕተቱን ለአስፈጻሚ የተናገረው ከ100 ሰው 7 አይሞላም።

ምናልባት እንግሊዝኛው ከብዶዎት ይሆናል። ማንበብ የሚቸገር ሰው የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ የፌዴራል ሕግ ይፈቅዳል። ይህ ሕግ የማይፈቅደው አሠሪዎን ወይም የአሠሪዎን ወኪል፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበርዎን ሰው ይዘው መግባትን ነው። ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ ከምርጫው በፊት ግን እዚያው ያለ ጠበቃ ያማክሩ። መነጽርዎን አይርሱ። በስልክ ፎቶ ላንሳው እንዳይሉ፣ ጆርጂያ ውስጥ ክልክል ነው። ችግር ካዩ የጣቢያውን ስም፣ ሰዓቱንና የነገሩትን አስፈጻሚ ስም ወዲያው ይጻፉ። ያለዚያ ጠበቃም ምንም ሊያደርግልዎ አይችልም።

ሌላም ያልነገሩኝ ነገር አለ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት የአሜሪካ ዜጋ ነዎት ብዬ ነው። ያለዎት ግሪን ካርድ ብቻ ከሆነ፣ መምረጥዎን ለማንም አያውሩ፣ ምንም ፎርም አይሙሉ። ወረቀትዎን በሙሉ ይዘው ዛሬውኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ።