ጆርጂና ባየርን ለማታውቋት ልጆቼ

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እዚህ ዌሊንግተን፣ ኒውዚላንድ፣ ሶሻል ወርከር ሆኜ ስሰራ ነው ያረጀሁት፣ እና ለመብት መታገል የሚፈልግ ወጣት ቢሮዬ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የደረሰበትን በደል ገፅ በገፅ ፅፎ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እኔም አንብቤ ስጨርስ ሰፈርህ ውስጥ ማን ያውቅሃል ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንዳንዶቹ ይከፋቸዋል። ያኔ ነው የጆርጂናን ነገር የማነሳው።

ጆርጂና እዚሁ ዌሊንግተን በ1957 (እ.ኤ.አ.) የተወለደች ማኦሪ ናት፣ ማኦሪ ማለት የኒውዚላንድ ነባር ህዝብ ነው፣ ወንድ ተብላ ያደገች ትራንስጀንደር ሴት። ወጣትነቷ በናይት ክለብና በሴተኛ አዳሪነት ነው ያለፈው። ሲድኒ ውስጥ አራት ወንዶች ደፍረዋታል፣ ያኔ ደግሞ እሷን የመሰለ ሰው ፖሊስ ጋ ሄዶ ፍትህ አገኛለሁ ብሎ አያስብም ነበር።

በኋላ ካርተርተን የምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ገባች፣ ገበሬ የሚበዛባት ወግ አጥባቂ አገር። እዚያ ስለራሷ ስታወራ አልነበረም የታወቀችው። በ1991 መንግስት ለድሆች የሚሰጠውን ድጎማ ሲቆርጥ ለተቸገሩት የከተማው ምክር ቤት፣ ካውንስሉ ማለት ነው፣ ፊት ቆማ የተከራከረች እሷ ነበረች፣ ሰዉም እቺ ሴት ትሰራለች አለ፣ በ1993 ካውንስል አስገባት፣ በ1995 ከንቲባ አደረጋት፣ በ1999 ደግሞ ፓርላማ ላካት። በግልፅ ትራንስጀንደር ሆኖ ፓርላማ የገባ ሰው ከሷ በፊት በዓለም ላይ አልነበረም። የመረጧት እኮ የድሮ ህይወቷን እያወቁ ነው፣ ደብቃው አታውቅም።

አሁን ልብ በሉልኝ። በ2003 ሴተኛ አዳሪነትን ከወንጀልነት የሚያወጣው ህግ ሲቀርብ ፓርላማው ለሁለት ተከፍሎ ነበር፣ እሷ ተነስታ በዚያ ስራ እያለሁ ተደፍሬያለሁ፣ ይሄ ህግ ያኔ ቢኖር ፖሊስ ጋ ሄጄ መናገር እችል ነበር ብላ ተናገረች፣ ድምፅ ሲቆጠር 60 ለ 59፣ አንድ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ፣ ህጉ አለፈ። ያ ቁስል እዚያች ቀን ላይ ሰሚ ያገኘው ከኋላው ስንት ዓመት የሰራችው ስራ ስላለ ነው ብዬ አምናለሁ፣ ማንም ሊያስቀይረኝ አይችልም።

ቀላል ነበር ግን አልላችሁም። በ2004 ማኦሪዎች የኛ ነው የሚሉትን የባህር ዳርቻ መሬት የመንግስት የሚያደርገው ህግ ሲመጣ፣ ራሷ ማኦሪ ሆና፣ ውስጧ እየተቃጠለ ከፓርቲዋ ጋር ድምፅ ሰጥታለች። ፓርቲ ውስጥ ስትገቡ እንዲህ አይነት ቀን ይመጣል፣ እወቁት።

በመጋቢት 2023 አረፈች፣ ነፍስ ይማር።

እናንተ ኒውዚላንድ ያላችሁት፣ ፓርላማው ረቂቅ ህግ ሲያይ ማንኛውም ሰው አስተያየቱን በፅሁፍ መላክ፣ ቀርቦ ለመናገርም መጠየቅ ይችላል። የአካባቢያችሁ ካውንስል ስብሰባም ክፍት ነው። እንግሊዝኛው ያስፈራችሁ ካላችሁ ኑ፣ ቁጭ ብለን አብረን እንፅፈዋለን።