ቬንትሌተር ለሚዞርበት ማድ ቤት የቱ የጋዝ ምድጃ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ባለ 4 የጋዝ ምድጃ ልገዛ ታይዋን ገበያ ሄጄ ከመስታወቱና ከብረቱ መምረጥ አቃተኝ። በሙቀቱ የተነሳ ወጥ ስሠራ ቬንትሌተር አላጠፋም። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔን ከመስታወቱ በፊት ያሳሰበኝ ቬንትሌተሩ ነው። ንፋሱ እሳቱን ሲያጠፋው ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እሳት ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋውን ብቻ ግዢ። ከመለኮሻው ሌላ፣ እሳቱ የሚነካው ትንሽ የብረት ዘንግ አለው፤ ቴርሞካፕል ይባላል። ሻጩ ለኩሶ ያሳይሽ። ቁልፉን ወዲያው ሲለቀው እሳቱ ከጠፋ፣ ጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲይዘው ደግሞ ከጸና፣ መቆጣጠሪያው ይሠራል ማለት ነው። በአራቱም ላይ ይሞክርልሽ፤ አትፈሪ፣ ገንዘቡ ያንቺ ነው።

ሁለተኛ፣ ከስሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ከውጭ የሚመጣው አንዳንዱ በቧንቧ ለሚሄድ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ነው። የጋዝ ቀዳዳው ስለሚሰፋ በሲሊንደር ጋዝ እሳቱ ቢጫ ይሆናል፣ ድስትም ያጠቁራል። ኤልፒጂ (LPG) የሚል ይሁን፤ የሲሊንደር ጋዝ ማለት ነው። የሬጉሌተሩም፣ ማለትም ሲሊንደሩ ላይ የሚገጠመው የግፊት መቆጣጠሪያ፣ ግፊት እዚያ ከተጻፈው ጋር ይግጠም፤ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊባር አካባቢ ነው።

መስታወቱ ለማጽዳት ይቀላል፣ ያምራልም። ግን ከባድ ድስት ካመለጠሽ ሊሰነጠቅ ይችላል። እኔ ብረቱን እመርጥልሻለሁ።

የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል። ከበሩ ስር ክፍተት ተዪ። የጎማውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈትሺው፤ አረፋው ካበጠ ሲሊንደሩን ዝጊ። ቬንትሌተሩንም ወደ አንቺ እንጂ ወደ ምድጃው አታዙሪው።