የሰርቪስ ሾፌር ደመወዝ፦ 11 ሺሁ ውስጥ ምን አለ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ነው። ሕዝብ ሁለት መንጃ ፈቃድ አለኝ። እስካሁን ከደሴ ኮምቦልቻ በሰው ሚኒባስ ስሠራ ቆይቻለሁ። የባለንብረቱን ገቢ አስገብቼ፣ ነዳጅ ሞልቼ፣ የተረፈችውን ከረዳቴ ጋር እንካፈላለን። አሁን ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሚያመላልስ ሰርቪስ ላይ ሁለት ቦታ ሥራ አገኘሁ። አንደኛው አውቶቡሱን ለፋብሪካ የሚያከራይ ባለንብረት ነው። በወር 11,000 ብር ይላል። መነሻ ደመወዙ 6,000፣ ቀሪው 5,000 «ልዩ ልዩ አበል» ነው። ሁለተኛው ራሱ ፋብሪካው ነው። 10,000 ብር ይከፍላል፤ መነሻው 9,000፣ አበሉ 1,000። ባለቤቴ «ይሄ ምን ያስጠይቃል? 11ዱን ያዝ» ትላለች። የመናኸሪያ ጓደኞቼ ደግሞ ሚኒባሱን አትልቀቅ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?
የሁለት ልጆች አባት፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽር ወንድምዬ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሥራ ቀርቦለት የሚያማርጥ ሰው ማየት ራሱ ደስ ይላል።

ባለቤትህ ያለ ምክንያት አልተናገረችም። ወር ሲደርስ እጅህ ላይ የሚገባውን ካየን 11ዱ ይበልጣል። እናስላው። አበሉ በሙሉ ግብር ይቆረጥበታል እንበል። በአዋጅ 1395/2017 መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ይቆረጣል። ከ11,000 ብር ላይ ግብሩ 1,950 ይሆናል። ጡረታ ደግሞ ከመነሻ ደመወዝህ 7 በመቶ ነው፤ ከ6,000 ላይ 420 ብር። ኪስህ የሚገባው 8,630 ብር ነው ማለት ነው። ፋብሪካው ዘንድ ግብሩ 1,650፣ ጡረታው 630 ሆኖ 7,720 ብር ይደርስሃል። ልዩነቱ 910 ብር ነው። ቀላል ብር አይደለም።

ግን ያ «ልዩ ልዩ አበል» የሚሉት ነገር ያለ ምክንያት አልተፈለሰፈም። አሠሪ ለጡረታህ 11 በመቶ የሚጨምረው በመነሻ ደመወዝህ ልክ ነው። በ6,000 ብር 660 ይከፍልልሃል፤ በ9,000 ብር 990። ያንተን ስንጨምርበት በስምህ የሚገባው አንዱ ጋ 1,080፣ ሌላው ጋ 1,620 ነው። በየወሩ የ540 ብር ልዩነት ማለት ነው። «ጡረታ ሩቅ ነው» የሚል ሾፌር ብዙ አይቻለሁ። አንድ ቀን ወገቡን ሲይዘው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የትርፍ ሰዓቱም የሚሰላው በመነሻው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ የትርፍ ሰዓትን፣ ውሎ አበልንና የትራንስፖርት ወጪን ከደመወዝ አይቆጥርም። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው ወሩ ወደ 208 ሰዓት ይሆናል። 6,000ን ለ208 ብታካፍለው አንድ ሰዓትህ 28 ብር ከ85 ሳንቲም ነው። 9,000ን ብታካፍለው 43 ብር ከ27። አሁን ይህችን ልብ በላት፤ ባለንብረቱ ዘንድ ቀን ላይ ለትርፍ ሰዓት አንድ ተኩል አባዝቶ ሲከፍልህ የምታገኘው ያው 43 ብር ከ27 ነው። ፋብሪካው ዘንድ የመደበኛ ሰዓትህ ዋጋ ነው! በወር 20 ሰዓት ትርፍ ብትሠራ ግብሩ ሳይነካው ወደ 433 ብር ይለያያሉ። ያቺ 910 ብር እየሳሳች ሄደች ማለት ነው።

አንድ ተኩል ያልኩህ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ላለው ነው። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ 1.75 ነው። በሳምንት የእረፍት ቀንህ እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። ሰርቪስ ደግሞ የሌሊት ሥራ ነው። ሠራተኛው ጠዋት ማሽኑ ላይ እንዲቀመጥ አንተ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተር አስነስተህ፣ ከቧንቧ ውሃና ከፒያሳ ሠራተኛውን ለቅመህ፣ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ አለብህ። መንገዱን ላንተ አልነግርህም። ግን በሚኒባስና በሙሉ አውቶቡስ መውረድ አንድ አይደለም። በክረምት ጭጋጉ ሲወርድ፣ ከፊትህ የጫነ ሲኖ እየተንፏቀቀ፣ ኋላህ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸውን አቅፈው ተኝተው፣ በከባድ ማርሽ ነው የምትወርደው። ፍሬን ላይ ከተኛህ ኮምቦልቻ ሳትደርስ ሽታው ይነግርሃል።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ኮምቦልቻ ከደረስክ በኋላ ያለው ሰዓት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሠራተኛውን አራግፈህ እስከ ማታ 11 ሰዓት ምን ትሠራለህ? እኔ አንድ ፋብሪካ ስምሪት ክፍል ነበርኩ። ደብተሩ ላይ መነሻ ሰዓት፣ መድረሻ ሰዓት፣ ኪሎ ሜትር፣ ነዳጅ የሚል አምድ ነበረው። ጥበቃ፣ ማለትም ቆመህ ሥራ የምትጠብቅበት ሰዓት የሚል አምድ አልነበረውም። ሾፌሮቹ ጥላ ፈልገው አቁመው፣ ወንበር አጋድመው፣ ጋቢ ተከናንበው ይውላሉ። ግን መሃል ላይ «ቶሎ ና፣ የታመመች ልጅ ሐኪም ቤት አድርስ»፣ «ከጉምሩክ ሰው አምጣ» ይባላሉ። ታዲያ ይሄ እረፍት ነው? አንዱ ሾፌር ብልጥ ነበር። በደብተሩ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የጥበቃ ሰዓቱን እየጻፈ፣ የጠራውንም ሰው እያስፈረመ ወሩን ጨረሰ። ከዚያ ይዞት ወደ አስተዳደር ሄደ። ተከራከሩ፣ ተጯጯሁ፣ በመጨረሻ ተከፈለው። አዋጁ የሥራ ሰዓት የሚለው በተግባር የምትሠራበትን ብቻ አይደለም፤ ለሥራ ዝግጁ ሆነህ የምትገኝበትንም ነው። ቁልፉ አንተ ጋ ሆኖ፣ ከመኪናው እንዳትርቅ ከታዘዝክ፣ ሰዓቱ የአሠሪህ ነው። «ሂድ፣ ማታ ተመለስ» ከተባልክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከመፈረምህ በፊት የቱ እንደሆነ በጽሑፍ አስገባ። ሁለቱንም አሠሪዎች የምትጠይቃቸው የመጀመሪያ ጥያቄ ይኼ ይሁን። መልስ ሲሰጡህ ፊታቸውንም እይ።

ሌላው የጭረት ነገር ነው። ስፖኪዮ ተሰበረ፣ ጎማ ፈነዳ፣ ትራፊክ ቀጣ ሲባል ባለንብረት ከደመወዝ መቁረጥ ይወዳል። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም ፍርድ ቤት ካልፈቀደ፣ አለዚያም አንተ በጽሑፍ ካልተስማማህ መቁረጥ አይቻልም። ቢቆረጥም ከወር ደመወዝህ ሲሶ አያልፍም። ስለዚህ ውሉ ውስጥ «በተሽከርካሪው ላይ የሚደርስ ማንኛውም ጉዳት ከሾፌሩ ደመወዝ ይቀነሳል» የምትል መስመር ካለች ዓይንህን ገልጠህ አንብባት። ፊርማህን የምትጠብቀው ለዚህ ነው።

ሚኒባሱስ? ጓደኞችህ የሚሉት ገብቶኛል። ገበያ ባለበት ቀን ሚኒባስ ከሰርቪስ ይበልጣል፤ ማታ ማታ ብር ታያለህ። ግን ስትታመም የሚከፍልህ የለም። ቋሚ ሠራተኛ የሕክምና ማስረጃ ካቀረበ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ያገኛል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ አለው። ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰበት ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላም እስከ ዓመት ድረስ እየቀነሰ ይቀጥላል። ሐረጎን በቀን ሁለቴ ለሚያቋርጥ ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

እኔ ብሆን ፋብሪካውን እመርጣለሁ። ባለንብረቱ ዘንድ ሌላም ስጋት አለ፤ የኪራይ ውሉ ሲያልቅ ያንተም ሥራ አብሮ ሊያልቅ ይችላል። ፋብሪካም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም። አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 መጨረሻ ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎአ፣ ማለትም የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል ስታስወጣ ልብስ ሰፊዎቹ ፋብሪካዎች ምን እንደሆኑ አይተናል። ግን መነሻህ 9,000 ሆኖ ብትሰናበት የሥራ ስንብት ክፍያህም በዚያው ነው የሚታሰበው። የ11ዱ ነገር ከከበደህ ግን ባለንብረቱን «መነሻውን 9,000፣ አበሉን 2,000 አድርግልኝ» በለው። እሺ ካለ ያኔ ባለቤትህ ትክክል ናት። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ፣ ውሉም ቅጂው እጅህ ላይ እንዲቀር አትርሳ።

ጥያቄ፦ በቤተሰብ ፕሮሰስ አሜሪካ ልሄድ ነው። ኦርላንዶ ያለው የአጎቴ ልጅ የትልቅ መዝናኛ ፓርክ አውቶቡስ ይነዳል። «ና፣ ጥሩ ይከፍላሉ» ይለኛል። የእኔ መንጃ ፈቃድ እዚያ ይሠራል?
ከኮምቦልቻ፣ በርበሬ ወንዝ

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለህ። ለአውቶቡስ አይሠራም። እዚያ ሾፌሩን ጨምሮ 16 ሰውና ከዚያ በላይ ለሚጭን መኪና የንግድ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ላዩ ላይ ደግሞ የመንገደኛ ፈቃድ ይጨመርበታል። የጽሑፍና የመንገድ ፈተና አለው፤ የጤና ምርመራም አለ። ክፍያው በሰዓት ነው። ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በፈረንጅ 2023 ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር ባደረገው ስምምነት ዝቅተኛው ክፍያ በዓመቱ መጨረሻ በሰዓት 18 ዶላር እንዲደርስ ተስማምቷል። ሠራተኛ ፓርኩ ውስጥ በነፃ ይገባል፤ ልጅ ላለው ሰው ጥሩ ነው፣ ነፃ መግቢያ ግን የቤት ኪራይ አይከፍልልህም። የአጎትህን ልጅ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሰጡትና የጤና መድን እንዳለው ጠይቀው። እስከዚያው እንግሊዝኛህን በርታበት። የፌዴራሉ ሕግ የንግድ ሾፌር የመንገድ ምልክት ማንበብና ከፖሊስ ጋር መነጋገር መቻል አለበት ይላል።