የነዳጅ ማነስ መብራቱ ከበራ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር?

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቤንዚን ናት። ፉል ሞልቼ ጌጁ (የነዳጅ መለኪያው) ግማሽ እስኪደርስ ብዙ ትሄድልኛለች፤ ከግማሽ በኋላ ግን ቁልቁል ነው የሚወርደው። ታንኩ እያፈሰሰ ይሆን ወይስ ጌጁ ተበላሽቷል?

መልስ፦ ምናልባት ሁለቱም አይደለም። ታንኩ ውስጥ በክንድ ጫፍ የተያዘ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲቀንስ አብሮ ይወርዳል፤ ክንዱ ደግሞ ሥሩ ላይ ያለውን ተለዋዋጭ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ክፍል) ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ የሚለካው ሊትሩ ሳይሆን ተንሳፋፊው ያለበት ከፍታ ነው። ታንክ ግን እንደ በርሜል ቀጥ ያለ አይደለም፤ ከመኪናው ሥር በተገኘው ክፍተት ልክ የተጣጠፈ ነው። ላዩ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ ከሆነ በ50 ሊትር ታንክ የላይኛው ግማሽ 30 ሊትር፣ የታችኛው 20 ሊትር ሊይዝ ይችላል። በዚያ ላይ ታንኩ ጢም ብሎ ሲሞላ ተንሳፋፊው ጣሪያው ጋ ደርሶ ይቆማል፤ ከእሱ በላይ ያለው ነዳጅ እስኪቃጠል መርፌው ንቅንቅ አይልም። የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በነጻ የተሰጡ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ብልሽት ከሆነ ምልክቱ ሌላ ነው። መርፌው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የሚዘልል ከሆነ ሬዚስተሩ እዚያ ላይ ተበልቷል። ሞልተውም ባዶ የሚል ከሆነ ተንሳፋፊው ነዳጅ ገብቶበት ሰጥሞ፣ ወይም ሽቦው ተቋርጦ ይሆናል። ካደረ በኋላ መሬቱ ከረጠበ ወይም ቤንዚን ከሸተተ ግን ያፈሳል፤ እሱ ለነገ አይባልም።

ጥያቄ፦ መብራቱ ሲበራ ዳሽቦርዱ «60 ኪሎ ሜትር ቀርቷል» አለኝ። ዳገት ስጀምር ግን ወዲያው 35 ገባ። የቱን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አይመኑ። ኮምፒውተሩ የቀረውን ነዳጅ የሚያካፍለው በቅርብ በነዱበት ፍጆታ ነው። ሜዳ ላይ በሊትር 14 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የነበረች መኪና ዳገት ላይ 8 ብትወርድ ቁጥሩ አብሮ ይወርዳል። ዳገቱ ነዳጁን ወደ ታንኩ አንድ ጎን ስለሚያጋድለውም የተንሳፋፊው ንባብ ይዛባል። ሜዳ ላይ አቁመው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ማየት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የራስዎን መኪና መለካት ይበልጣል። የነዳጅ ማደያው ጠመንጃ በራሱ ጠቅ ብሎ እስኪዘጋ ይሙሉና የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ ያድርጉ። እንደ ልማድዎ ይንዱ። መብራቱ እንደበራ በቅርብ ካለ ማደያ ገብተው እንደገና እስከ መጀመሪያዋ ጠቅታ ይሙሉ። ለምሳሌ 590 ኪሎ ሜትር ሄደው 43 ሊትር ቢገባ፣ 43ን ለ590 አካፍለው በ100 ሲያባዙ በ100 ኪሎ ሜትር 7.3 ሊትር ይሆናል። የታንኩ መጠን 50 ሊትር ከሆነ (መመሪያው መጽሐፍ ላይ አለ) መብራቱ ሲበራ የቀረው 7 ሊትር ገደማ ነበር ማለት ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ከታንኩ 10 እስከ 15 በመቶ ሲቀር ይበራል።

ይህ ሁሉ 7 ሊትር ግን የእርስዎ አይደለም። የሞሉት ነዳጅ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር በሊትር ወይም በሁለት ሊትር ሊለያይ ይችላል፤ የመጨረሻዋን ነዳጅም ፓምፑ በቅጡ አይስባትም። 2 ሊትር ይተዉና በ5 ያስቡ፦ በ7.3 ፍጆታ 68 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ዳገት ወይም መጨናነቅ ፍጆታውን 10 ካደረሰው 50 ብቻ። ልኬቱን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ዝቅተኛውን ውጤት ይያዙ። እስኪቆም ነድቶ መሞከር ግን ልኬት አይባልም።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ሲያንስ የታንኩን ቆሻሻ ይስባል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። ፓምፑ መቼም ቢሆን የሚስበው ከታንኩ ወለል አካባቢ ነው፤ ፉል በሆነ ቀንም እንዲሁ። ልዩነቱ፣ ነዳጁ ጥቂት ሲሆን ታች የተጠራቀመው ዝገትና ውሃ አብሮ እየተንቦጫረቀ ቶሎ ይደርሰዋል። በአሮጌ የብረት ታንክ ይህ ያሳስባል።

በዛሬዎቹ መኪኖች የሚበልጠው አደጋ ሙቀት ነው። የኤሌክትሪክ ፓምፑ ታንኩ ውስጥ ነው ያለው፤ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ራሱ ነዳጁ ነው። ጥቂት ነዳጅ ቶሎ ይሞቃል፤ ኩርባ ላይ ነዳጁ ሲሸሽ ደግሞ ፓምፑ አየር ይስባል። አንድ ቀን አይገድለውም፤ ዓመት ሙሉ የነዳጅ መብራቱ በርቶ መንዳት ግን ዕድሜውን ያሳጥራል። ሩብ ላይ ሲደርስ መሙላት ለዚህ በቂ ነው። ሞተሩ በነዳጅ ማነስ እየተንተከተከ እንዲሄድ ማስገደድም ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) ሊጎዳ ይችላል። ድንገት ከጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑ ደግሞ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይረዳዎትና ይደድራል። ስለዚህ ፍሬኑን ደጋግመው ሳይለቁ አንዴ አጥብቀው ይያዙ።

ጥያቄ፦ የናፍጣ መኪናዬ መንገድ ላይ ነዳጅ ጨረሰች። 3 ሊትር ጨመርኩ፤ አልነሳ አለች።

መልስ፦ መስመሩ አየር ይዟል። መጀመሪያ ቢያንስ 10 ሊትር ያድርጉት፤ መኪናዋ ተዳፋት ላይ ከሆነች 3 ሊትር መሳቢያው ጋ ላይደርስ ይችላል። ፊልትሮው ላይ የእጅ ፓምፕ ካለ እስኪጠጥር ይጫኑት። ማስተንፈሻ ብሎን ካለው በትንሹ ፈታ አድርገው፣ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ይጫኑና መልሰው ያጥብቁ። ከዚያ ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) ከ10 ሰከንድ በላይ ሳይዙ ያስነሡ፤ ካልተሳካ አንድ ደቂቃ ያሳርፉ፤ አለዚያ ሞተሪኖው ይቃጠላል፣ ባትሪውም ያልቃል። የእጅ ፓምፕ የሌላቸውና ታንክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያላቸው መኪኖች፣ ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ ሦስት አራት ጊዜ ከፍተው ሲዘጉ ራሳቸው ይሞላሉ፤ ቤንዚን መኪናም እንዲሁ ነው። ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ከጋራ ቱቦ የሚረጭ ሞተር ያላት) ከሆነች ደጋግመው አይሞክሩ። የከፍተኛ ግፊት ፓምፑ የሚለሰልሰው በናፍጣው ስለሆነ ደርቆ ሲዞር ብረት ይፈጫል፤ የብረቱ ብናኝም ኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ ረጪዎቹን) ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ቁልቁለት በፎሌ (ማርሽ ሳላስገባ) ብወርድ ነዳጅ እቆጥባለሁ?

መልስ፦ ነዳጅ በኢንጀክተር በሚረጭባት መኪና አይቆጥቡም። ማርሽ ውስጥ ሆና እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሱ ኢንጀክተሮቹ ነዳጅ ያቆማሉ፤ በፎሌ ግን ሞተሩ ሳይጠፋ እንዲዞር ነዳጅ ይጠጣል። ፍሬንዎም ይግላል።