የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሳይክል፣ ዋልካና የመገጭ ሸለቆ

ክረምቱ ካለፈ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ጉዳይ ያነሣሉ፤ ከጎንደር ወርዶ በመገጭ ሸለቆና በደምቢያ ሜዳ፣ መኪና በማይበዛበት ፒስታና የገበሬ መንገድ ሳይክል መንዳት። አራቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያለችኝ ያገለገለች ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ሳይክል ናት። ጓደኞቼ «ለጠጠር መንገድ ግራቭል የሚባለውን ካልገዛህ አትድከም» ይሉኛል። ልሽጣት? (ከአራዳ)

መልስ፦ አይሽጧት። ግራቭል የሚባለው ሳይክል መሪው እንደ እሽቅድምድም ሳይክል የተቆለመመ፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ነው። በደህና ፒስታ ላይ ፈጣን ነው። የእርስዎ ሳይክል ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት፤ የ26 ኢንች ጎማና ካላማዳሪ ከሰፈር ጎሚስታ አይጠፋም። የግራቭሉ ቀጭን ቫልቭ ግን የመኪና ጎማ በሚነፋበት መንፊያ አይነፋም፤ ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ይዘው ካልወጡ አየር ባለበት ቦታ ቆመው አየር ያጣሉ።

ገንዘብ ካለዎት ጎማውን ይለውጡ። መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጥርሱ ወደ ጎንና ጎን የሆነ፣ ስፋቱ ከ1.75 እስከ 2 ኢንች ይሁን። ቀጥሎ ንፋቱ ነው። ጎሚስታው ድንጋይ እስኪሆን መንፋት ይወዳል፤ ለአስፋልት ይሁን፣ ለኮረኮንች ግን አይሆንም። የጠነከረ ጎማ ከጠጠር ጠጠር ይዘላል፤ መንገዱ እንደ ቆርቆሮ በተሸበሸበበት ቦታ ደግሞ እጅ ያደነዝዛል፣ ብሎን ያላላል። ክብደትዎ 70 ኪሎ ገደማ ከሆነ፣ ለ2 ኢንች ጎማ ከካላማዳሪ ጋር ከፊት 32፣ ከኋላ 36 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ይጀምሩ። በየ10 ኪሎው ክብደት 2 ወይም 3 ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። ከ28 በታች ግን አይውረዱ፤ ምክንያቱን ሦስተኛው መልስ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል? በየትኛው ወር? ባለፈው ጥቅምት መጀመሪያ ወርደን ጭቃው ሳይክሉን እንድንሸከም አደረገን። (ከአዘዞ)

መልስ፦ ያሸከማችሁ ዋልካ ነው። ጥቁሩ አፈር ሲረጥብ ጎማ ላይ ይጠቀለላል፤ በጎማውና በሹካው መሐል ይጠቀጠቃል፤ ጎማው አልዞር ሲል አሽከርካሪው ፔዳሉን በኃይል ይረግጣል፤ ያኔ የኋላው ማርሽ መለወጫ ይጣመማል ወይም ይሰበራል። የዋልካ ጭቃ ላይ ዋናው ሕግ፣ ጎማው ሁለት ዙር ዞሮ ካልጠራ መውረድና ሳር ሳሩን እየገፉ መሄድ ነው። አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ከመሪው ጋር ያስሩ፤ ለመፋቂያ ከማንኛውም ዕቃ ይበልጣል።

ወሩን ከማሳው ያነባሉ። የደምቢያ ገበሬ ክረምቱ ሲያልፍ በቀረችው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ሽምብራ ገና ሲዘራ ካዩ የማሳ ዳር መንገድ ለሳይክል አልደረሰም፤ ዋናውን ፒስታ አይልቀቁ። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ መንገዱ ይጠነክራል። ግን ጥርና የካቲት ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ ዋልካው ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ከተዘረጋ ቀጭን ጎማ ገብቶ ይቀረቀርና ሰውን በመሪው ላይ ያሳልፋል። ስንጥቅን በአግድም እንጂ በርዝመቱ አይሂዱበት። በመኸር ደግሞ አውድማ አጠገብ የፈሰሰ ገለባ ካቴና ላይ ይጠመጠማል፤ ቆመው በእጅ ያውጡት እንጂ እየነዱ ፔዳሉን ወደ ኋላ አያዙሩ።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከጎንደር እስከ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ በአብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ መኪና ሳይበዛ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይለፉት። ከአዘዞ ወደ ቆላ ድባና በጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ የሚወስደውን መንገድ ይዘው፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ የሚገቡትን መንገዶች መከተል ነው። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ ለጀማሪ አይመከርም፤ ቆላ ድባ ድረስ ሄዶ መመለስ በቂ ቀን ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ነው፣ ጣና 1,790 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ጠዋት የተደሰቱበት ቁልቁለት ማታ ዳገት ሆኖ ይጠብቅዎታል፤ ከመጋቢት በኋላ ደግሞ ከሙቀቱ ጋር። ውሃ በሰው ቢያንስ 3 ሊትር ይያዙ። ለጾመኛ በሶ በቂ ነው፤ በግማሽ ሊትር ውሃ ሁለት እፍኝ፣ ጨው በጣት ቆንጠር አድርጎ። ከመነሣትዎ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያ የመጣ ሰው ይጠይቁ። በገበያ ቀን አህያና ጋሪ ይበዛል፤ ከኋላ ደወል መደወል አህያ ያስደነብራል፣ ፍጥነት ቀንሶ «እንደምን አደራችሁ» ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በአንድ ጉዞ አራት ጊዜ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታው «ጎማሽ አርጅቷል» ብሎ ሸኘኝ። እውነት ነው? (ከማራኪ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቀዳዳው የት እንደሆነ ካላዩ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ካላማዳሪውን ነፍተው ውሃ ውስጥ ያስገቡና አረፋውን ይከተሉ። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ አየሩ አንሶ ድንጋይና ቸርኬ መሐል ተቆንጥጧል፤ ንፋት ይጨምሩ። በውጭው በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው፣ በሸለቆው የግራር። በቸርኬው በኩል ከሆነ የቸርኬው መሸፈኛ ላስቲክ ተንሸራቶ የሽቦው ጫፍ ወግቶታል። ቫልቩ ሥር ከተቀደደ ደግሞ አየር ያነሰው ጎማ ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ጎትቶታል።

በተከታታይ አራት ጊዜ መተንፈስ ብዙውን ጊዜ አንድ እሾህ ነው፤ ካላማዳሪው ተለጥፎ እሾሁ ጎማው ውስጥ ይቀራል። ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ይጥረጉት፤ ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ እሾሁ አለ። በጣት አይሞክሩ። ሲለጥፉ ካላማዳሪውን በብርጭቆ ወረቀት ሻካራ ያድርጉት፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡ፣ ጣት ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ማስቲሹ ሳይደርቅ መለጠፍ የብዙዎች ስሕተት ነው፤ መንገድ ላይ የሚለቀው እሱ ነው። ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ ይዘው ይውጡ፤ መለጠፉ ቤት ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ ወንዝ እያቋረጠ መንዳት ይወዳል። ምን ልጠንቀቅ? (አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ከሰኔ እስከ መስከረም አይሻገር። መገጭ ከጎንደር በላይ ካለው ደጋ ስለሚመጣ፣ ሜዳው ላይ ፀሐይ ሆኖ እንኳ ሊሞላ ይችላል፤ ውሃው ቡናማ ሆኖ ቅጠልና ጭራሮ ከያዘ ይመለስ። በበጋም መጀመሪያ ያለ ሳይክል ተሻግሮ ይፈትሸው፤ ከጉልበት በላይ ከሆነ አይገባም። የጎማው መሐል ድረስ ውሃ ከገባበት፣ ቤት ሲደርስ መዘውሩ ተፈትቶ ግራሶ ይቀየርለት፤ አለዚያ በሳምንት ይንጫጫል።

ሌላው ቢልሃርዝያ የሚባለው የትል በሽታ ነው። በደምቢያና በጎርጎራ አካባቢ አለ፤ ትሉ ቀስ ብሎ ከሚፈስ ወይም ከቆመ ውሃ በቆዳ ይገባል። እግሩን ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ቢረዳም ዋስትና አይሆንም፤ በመስኖ ቦይና በኩሬ ውስጥ ባይንቦጫረቅ ነው የሚበጀው። ከገባ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያ ወስደው ሰገራ ያስመርምሩት፤ ከተገኘበት በመድኃኒት ይድናል።