5,000 ድርሃም ስንት ነው?

«አዲስ አበባ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የምኖረው ከቤተሰብ ጋር ነው። ዱባይ ያለ ድርጅት 5,000 ድርሃም ደመወዝ አቀረበልኝ። በብር ሳሰላው ደነገጥኩ። ኢንተርኔት ላይ ግን ዱባይ ውድ ናት ይላሉ። የቱን ልመን?» ብለሽ ጽፈሽልኛል።

እህቴ፣ ሁለቱም ያንቺን ኑሮ አያሳዩም። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ነው፤ ደመወዝሽ 1,361 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው። ይህን በብር ማባዛት ግን ዱባይ እየሠሩ አዲስ አበባ እንደመብላት ነው። በዚያ ላይ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ሁሉም ስሌት ተለውጧል። ከዚያ በፊት የተሠራ ንጽጽር ካገኘሽ ተዪው።

ዋጋ የሚያወዳድሩትንም ድረ ገጾች በጥንቃቄ እዪ። ኑምቤኦ ለምሳሌ ኒውዮርክን 100 ብሎ ሌላውን ከተማ በእሷ ይለካል። ዋናው የኑሮ ውድነት ቁጥሩ የቤት ኪራይን አይጨምርም! ዱባይ ላይ ደግሞ ደመወዝ የሚበላው ኪራይ ነው። አንቺ ዛሬ ኪራይ የሚባል ነገር አታውቂም።

ስለዚህ ወረቀት አውጪ። ባለፈው ወር ያወጣሽውን በሙሉ ጻፊ። ለእናትሽ የምትሰጪው ካለ እሱን መጀመሪያ አስፍሪ፣ እዚያም አይቀርልሽምና። ከጎኑ የዱባዩን ዋጋ አድርጊ። በጋራ ክፍል አንድ አልጋ ነው የምትከራዪው ወይስ ስቱዲዮ? ይህ ብቻውን ሁለት የተለያየ ሕይወት ነው። ምግቡን በእንጀራ ብቻ አታስዪው፤ ጤፉ ባሕር ተሻግሮ ነው የሚደርስሽ። ሩዝና ምስር ማብዛትሽ አይቀርም፣ እነሱን አስገቢ።

የተጣራውን ከተጣራው ጋር አወዳድሪ። እዚያ ከደመወዝ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። እዚህ ከግብሩ ሌላ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጥብሻል፤ ግን አሠሪሽም 11 በመቶ ይጨምርልሻል። እዚያ ለውጭ ዜጋ የመንግሥት ጡረታ የለም። በምትኩ አንድ ዓመት ከሞላሽ ጀምሮ የስንብት ክፍያ አለ፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለየዓመቱ የ21 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ነው። «መሠረታዊ» የሚለውን ልብ በዪልኝ። ከ5,000ው ግማሹ አበል ከሆነ የስንብት ክፍያሽም በግማሽ ይወርዳል። የቪዛና የሥራ ፈቃድ ወጪ ደግሞ በሕጉ የአሠሪው ነው፤ ካንቺ ከጠየቁ ተጠንቀቂ።

ቤት የሚሰጡሽ ከሆነ እኔ ሂጂ ባይ ነኝ። የማይሰጡሽ ከሆነ ግን ሳትፈርሚ ሁለት ነገር በጽሑፍ ጠይቂያቸው፦ መሠረታዊ ደመወዙ ስንት ነው? የቤት አበሉስ? መልሱን ከወረቀትሽ ጋር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።