ያገለገለ የበረዶ ተራራ እቃ ጅማ ላይ ልትገዛ ላሰበችው እህታችን፦ ሙሉ ሴቱን አትግዢው

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከጓደኞቼ ጋር ኡጋንዳ ሄደን ሩዌንዞሪ ተራሮች ላይ ማርጌሪታ የሚባለውን ጫፍ ልንወጣ ነው፣ ጅማ ያለ አንድ ሰው ገመድ፣ ሃርነስ (ገመዱ የሚታሰርበት የወገብና የጭን ቀበቶ)፣ ሄልሜት፣ ጫማ፣ ክራምፖን (በረዶ ላይ እንዳያንሸራትት ጫማ ስር የሚታሰር ባለጥርስ ብረት) እና አይስ አክስ (የበረዶ መጥረቢያ) "አንዴም ያልተነካ፣ አመታት በካርቶን የተቀመጠ" ብሎ አንድ ላይ እየሸጠልኝ ነው፣ ልግዛው ወይ ነው ያልሽው። ከስር "እድል ነው እንዳያመልጥሽ" ያሉሽን አትስሚያቸው። ብረት ብረቱን አይተሽ ግዢ፣ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና ጎማ የሆነውን በሙሉ ተይለት። ሳይነካ አመታት መቀመጡ ደግሞ እንደውም ዋናው የሚያስፈራው ነገር ነው።

1. ጫማውን በጭራሽ። ይሄን ረዘም አድርጌ ልንገርሽ ምክንያቱም እኔን ያቃጠለኝ እሱ ነው። የከባድ ተራራ ጫማ ብዙ ጊዜ በላይኛው ቆዳና መሬት በሚነካው ጎማ መሃል ፖሊዩረቴን የሚባል እንደ ስፖንጅ ያለ ነገር አለው፣ ድንጋይ ስትረግጪ እግርሽን የሚያሳርፍልሽ እሱ ነው። ይሄን ነገር የአየር እርጥበት ከውስጥ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ ሳይለበስ ቢቀመጥም ከመበላት አይድንም፣ ሙቀትና እርጥበት ያለበት ቦታ ሲሆን ደግሞ ይፈጥናል። አሁን የኛን ከተማ አስቢው። ክረምት ላይ ቁምሳጥን ውስጥ የተሰቀለ ቀበቶ በሚሻግትበት ጅማ አመታት በካርቶን የተቀመጠ ጫማ ላዩ የሚያብረቀርቅ ውስጡ ያለቀ ጫማ ነው።

እኔ የገዛሁትም እንደዛ ነበር፣ ከዚሁ ከተማ ሰው፣ ዘመዱ ከውጭ የላከለት፣ ሶሉ ላይ አንድ ጭረት የለም፣ የአዲሱን ግማሽ ዋጋ ቆጥሬ ከፈልኩ። ከሀገር ከመውጣቴ በፊት ልሞክረው ብዬ ባሌ ሄድኩ፣ ሳነቲ አምባ ላይ ወደ ቱሉ ዲምቱ (4,377 ሜትር) እየወጣን ዝናብና በረዶ ቀላቅሎ እየጣለብን የቀኙ ሶል ከተረከዙ ተላቀቀ፣ ትንሽ ቆይቶ የግራውም። የተላቀቀበትን ስነካው እንደ ደረቀ ድፎ ዳቦ ይፈረፈራል። በገመድ ጠፍሬ ነው የወረድኩት፣ እግሬ ውሃ ጠጥቶ ጣቶቼ አልሰማ ብለውኝ። ጅማ ስመለስ ጫማ ሰፊ ጋር ወሰድኩት፣ እውነተኛ ባለሙያ ነው፣ ገለጥ አድርጎ አይቶ "ማስቲሽ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፣ ይሄ ዱቄት ሆኗል" ብሎ መለሰልኝ፣ ሳንቲም አልተቀበለኝም። ሻጩ ደግሞ "አይተህ ነው የገዛኸው" ብሎ ቴሌግራም ላይ ብሎክ አደረገኝ። ቤቱ ቡና አፍልቶ ነው ያስተናገደኝ፣ እስካሁን የሚከነክነኝ ከብሩ ይልቅ እሱ ነው። በረዶ ላይ ቢሆንስ ኖሮ? ክራምፖን የሚታሰረው ጫማው ላይ ነው፣ ሶሉ ሲሄድ ክራምፖኑም አብሮ ይሄዳል፣ አንቺ 5,000 ሜትር ላይ የበረዶ ግግሩ መሃል ቆመሽ ትቀሪያለሽ።

ሩዌንዞሪ ላይ ደግሞ ታችኛው መንገድ ጭቃና ረግረግ ስለሆነ ሰው በቦቲ ነው የሚሄደው፣ ቦቲ ለጅማ ሰው ምን ብርቅ ነው። ጠንካራው ጫማ የሚያስፈልግሽ ላይ በረዶው ጋር ስትደርሺ ነው፣ እሱን የሚያስወጧችሁ ሰዎች እዛው ያከራያሉ፣ ከአሁኑ ቁጥርሽን ጽፈሽ ጠይቂያቸው። የግድ ያገለገለ ልግዛ ካልሽ ምላሱ ውስጥ ያለውን ሌብል ገልጠሽ የተመረተበትን አመት ፈልጊ፣ ከዛ መሃል ያለውን ስፖንጅ በጥፍርሽ ጫን በይው፣ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ከተጣበቀብሽ ወይ ጫማውን ስታጥፊው ቀጫጭን ስንጥቅ ካየሽ አስቀምጠሽው ውጪ።

2. ገመድና ሃርነስ። እዚህ ላይ ድርድር የለም። ሁለቱም የሚሰሩት በአብዛኛው ከናይለንና ከፖሊስተር ነው፣ አምራቾቹ ራሳቸው ምንም ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ ከ10 አመት በላይ እንዳትጠቀሙ ይላሉ፣ ተጠቅመሽበት ከሆነ ደግሞ ከዛ በጣም ያነሰ ነው። አመቱ ሃርነሱ ላይ በተሰፋው ሌብል ላይ አለ፣ ሌብሉ ተቆርጦ ወይ ጽሁፉ ጠፍቶ ካገኘሽው ወሬው አለቀ። ግን አመቱ ልክ ቢሆንም አትግዢ ነው የምልሽ። ምክንያቱም የባትሪ አሲድ ናይለንን ሲበላ ብዙ ጊዜ ምልክት አይተውም፣ ቀለሙ እንዳለ፣ ሲዳሰስም ደህና ሆኖ፣ ክብደት ሲያርፍበት ነው የሚበጠሰው። እኛ ጋ እቃ እንዴት እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ፣ የሶላር ባትሪው፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅ፣ የቀለም ጣሳው ሁሉም አንድ እቃ ቤት ውስጥ ነው፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ከምን ጋር እንደመጣ ደግሞ ማን ያውቃል። ሻጩ እየዋሸሽ ላይሆን ይችላል፣ እሱም አያውቅም። ሄልሜቱም ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ፎም አንዴ ከተመታ ከላይ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ስቲከር የተለጠፈበት ከሆነማ ስቲከሩ ምን እንደሸፈነ ጠይቂ።

3. አሁን ብረቱ። አይስ አክሱን ግዢው፣ ደህና ከሆነ እድሜ ልክሽን ይዘሽው ትኖሪያለሽ። ቆየት ያለ አክስ ከሆነ እጀታውና ጫፉ ላይ በክብ ውስጥ ቢ (B) ወይ ቲ (T) የሚል የላቲን ፊደል ተመትቷል (በአዲሶቹ ላይ በ1 እና በ2 ተተክቷል)፣ ቢ ለተራ የግግር ጉዞ ነው፣ ቲ ጠንካራውና ለከባድ መውጣት የሚሆነው ነው፣ ለማርጌሪታ ቢ ይበቃሻል። እጀታው የጎደጎደ ወይ የተጣመመ ከሆነ ግን አይሆንም።

ክራምፖን ላይ ሶስት ነገር እይ። አንደኛ አልሙኒየም ሳይሆን ስቲል ይሁን፣ እዛ ተራራ ላይ አለትና በረዶ እየተፈራረቀ ስለሆነ አልሙኒየሙ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛ አስተሳሰሩን እይ፣ ከኋላ በክሊፕ ከፊት በሽቦ የሚነክሰው አይነት ጫማው ላይ ከፊትም ከኋላም ጠርዝ ይፈልጋል፣ ኪራይ ጫማ ላይ ያ ጠርዝ መኖሩን ማን ዋስ ይሆንሻል፣ አንቺ በማሰሪያ ብቻ የሚታሰረውን ፈልጊ። ሶስተኛ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው፣ ጥርሶቹ አዲስ ሹል ሆነው ካየሽ በምን እንደተሳሉ ጠይቂ። በእጅ ሞረድ ከሆነ ጥሩ። ጋራዥ ወስዶ በግራይንደር አስሎት ከሆነ ግን ግለቱ የብረቱን ጥንካሬ ገድሎታል፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ የመሰለ ቀለም ካየሽ እሱ ነው፣ በረዶ ላይ ይታጠፋል። ሻጮቹ ይሄን የሚያደርጉት አሳምረው ለመሸጥ ነው፣ በክፋት አይመስለኝም፣ ራስ ዳሽን እንኳ በ4,550 ሜትሩ የበረዶ ግግር የለውም፣ እዚህ ሀገር ክራምፖን አድርጎ የሄደ ሰው የት ታገኛለሽ።

ሰው "ከውጭ አስልኪ" ይልሻል፣ እኔም አስልኬ ነበር፣ ክራምፖንና አክስ። አዲስ አበባ አንድ እቃ የሚለቀቅበት ቢሮ ሄድኩ፣ የመጀመሪያዋ ሴትዮ ቀና ብላ ሳታየኝ "ይሄ ስለት ነው፣ ደብዳቤ አምጣ" አለችኝ፣ የምን ደብዳቤ ከየት ስላት "እሱን አንተ ታውቃለህ"። በየመስኮቱ ዞሬ ሰራተኛው ሁሉ "እኔን አይመለከተኝም" ነው። 350 ኪሎሜትር ተመልሼ ጅማ ከመስሪያ ቤቴ ማህተም ያለው ደብዳቤ ይዤ ስሄድ ደብዳቤውን እንኳ አላነበበችውም፣ አንድ ሽማግሌ ሰራተኛ ናቸው ስልኬ ላይ ሰው በረዶ ላይ ሲጠቀምበት ፎቶ አይተው "ልቀቁለት እንጂ ልጁን ምን ታንከራትቱታላችሁ" ያሉት፣ እግዜር ይስጣቸው። ስለዚህ የሚመጣ ሰው ካለሽ በሻንጣ ያምጣልሽ፣ ደረሰኙንና ፎቶ ይያዝ፣ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ በፍጹም እንዳይዘው፣ ይወስዱበታል። ከጅማ በመኪና ስትወጪም ለፍተሻ እንዲመች ከላይ አድርጊው፣ ጫፉን በጎማ ሸፍኚው።

ልብስ ላይ ግን ገንዘብሽን አታባክኚ። ሄርማታ ሳልቫጅ ተራ ጠዋት ቦንዳ ሲፈታ ሂጂ፣ ፍሊስና የዝናብ ጃኬት ይገኛል፣ እኔ አሁን የምለብሰው ጃኬት ከዛ ነው፣ ውድ ሱቅ ከገዙት ጓደኞቼ ጃኬት ይሻላል። ገልብጠሽ የስፌቱን ቴፕ እይ፣ ከተላጠ ወይ ውስጡ ከተቀረፈ ውሃ ያስገባል። የላባ ጃኬት ከሆነ አሽትቺው፣ የሻጋታ ሽታ ካለው አይለቅም።

ስትመለሺ እቃሽን የምትሸጪ ከሆነ አመቱን ጽፈሽ፣ ምን ላይ እንደተጠቀምሽበት ጽፈሽ ሽጪ። የእኔ ገመድ ጊዜው ሲያልፍ "ለመውጣት ይሆናል" ብዬ እንድሸጠው የሚፈልግ ሰው ነበር፣ እምቢ ብዬ አጫጭር አድርጌ ቆራርጬ ለጎረቤት ለከብት ማሰሪያ ሰጠሁት፣ ማንም ሰው እንዳይንጠለጠልበት።

አሁን ሻጩን ክራምፖኑንና አክሱን ለብቻ ዋጋ ንገረኝ በይው። አንድ ላይ ካልሆነ አልሸጥም ካለ ተይው፣ ሁለቱንም እዛው በኪራይ ታገኛለሽ። ከተስማማ ግን ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት የጥርሶቹን ጫፍ በቅርብ፣ የታጠፈበትን ቦታና የብሎን ቀዳዳዎቹን ዙሪያ ስንጥቅ እንዳለው በቀን ብርሃን ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው፣ አይቼ እነግርሻለሁ።